የኤም ኤስ ድካም ሁሉ ከበሽታው ብቻ አይመጣም

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤም ኤስ ያለበትን ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስቸግርህ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት። የእግር መዛል ሊላችሁ ይችላል። የዓይን ብዥታም ሊላችሁ ይችላል። ብዙዎቹ ግን መጀመሪያ የሚጠሩት ድካምን ነው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአራት ታማሚዎች ሦስቱ ገደማ፣ በአንዳንዶቹ ጥናቶች ከዚያም በላይ፣ በዚህ ድካም ይቸገራሉ። ሥራ ከሚያስለቅቋቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱም እሱ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ድካም የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ቤት ውስጥ «ተነሺ እንጂ፣ መተኛት ነው ያባሰብሽ» ይባላል። ሐኪም ቤት ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ፋታ የለውም፣ «የበሽታው ጠባይ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ድካሙ ምንጩ አንድ ብቻ አይደለም። ከፊሉ በእርግጥ ከበሽታው ይመጣል። ሌላው ግን ከእንቅልፍ፣ ከፊኛ፣ ከስሜት፣ ከደም ማነስ፣ ከሚዋጠው መድኃኒት፣ ከሙቀት ይመጣል። እነዚህ ደግሞ አንድ በአንድ ተፈልገው ሊገኙ ይችላሉ። ብዙዎቹም ውድ ያልሆነ መፍትሔ አላቸው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ኤም ኤስ የራሳችን የመከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ አንጎልን፣ ህብለ ሰረሰርን እና የዓይን ነርቭን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በተለይ የሚያጠቃው ነርቮችን የሸፈነውን ማየሊን የሚባለውን የስብ ሽፋን ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲኩ ሲላጥ እንደሚሆነው፣ ማየሊኑ የተነካ ነርቭ መልእክቱን ያዘገያል፣ ያዛባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያቋርጠዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በፈረንጆች 1868 ፓሪስ ውስጥ በሽታውን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ካብራራው ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በዓለም ላይ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይይዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የሚሠራበት፣ የሚወልድበት፣ ቤት የሚመሠርትበት ዕድሜ ነው።

እዚህ አገር ለረጅም ጊዜ የፈረንጅ በሽታ ተደርጎ ቆይቷል። ከሰሜን አውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ጋር ሲነጻጸር ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የተመዘገበው ቁጥር ዝቅተኛ መሆኑ እውነት ነው። ግን በሽታውን ለመለየት የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ያስፈልጋል፣ ምስሉን የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ የነርቭ ሐኪም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በፈረንጆች 2006 ነው። ከዚያ በፊት ስንቱ ሰው «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ጭንቀት ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ እንደኖረ መገመት አያቅትም። አሁን ከተማው ውስጥ ኤምአርአይ ያላቸው ማዕከላት በዝተዋል። የበሽታው ስምም በየሰፈሩ መሰማት ጀምሯል። ስሙ ከታወቀ በኋላ ግን ታማሚው በየቀኑ አብሮት የሚውለው ድካሙ ነው።

ሐኪሞች ድካሙን ሁለት ቦታ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በቀጥታ ከበሽታው የሚመጣው ነው። አንጎል ውስጥ ያለው ብግነት ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመነጫል፤ ጉንፋን ሲይዘን የሚያልፈሰፍሱን እነሱው ናቸው። በዚያ ላይ የመልእክት መስመሮቹ ስለተጎዱ አንጎል ቀላሉን ሥራ ለመሥራት እንኳን ተጨማሪ ክፍሎቹን ይቀሰቅሳል። ይህ በምስል ታይቷል። ኤም ኤስ ላለበትና ለጤነኛ ሰው አንድ ዓይነት የማስታወስ ፈተና ሲሰጥ፣ ውጤታቸው እኩል በሚሆንበት ጊዜ እንኳን የታማሚው አንጎል ሰፋ ያለ ቦታ ሲያሠራ ይገኛል። ማለትም ያንኑ ሥራ እየሠራ የሚያወጣው ጉልበት ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይህንን ነው፤ በኤምአርአይ የሚታየው የጠባሳ ብዛትና የድካሙ መጠን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ግንኙነታቸው ደካማ ነው። ጥቂት ጠባሳ ያለበት ሰው ከአልጋ መነሳት ሊያቅተው ይችላል፤ ብዙ ያለበት ደግሞ ሥራውን ሲሠራ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚራመድን ሰው «ምንም አልሆንክም እኮ» ማለት ትክክል አይደለም። እንዲያውም ድካሙ በሽታው በስሙ ከመታወቁ ከዓመታት በፊት ሊጀምር እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ጓደኛ አለችኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባ ማንም ሰው ታማለች አይላትም። ሳቋም፣ አለባበሷም፣ ቅልጥፍናዋም እንደ ማንኛውም ሰው ነው። ከምሳ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግን ነገሩ ይቀየራል። ኤክሴሉ ላይ አንዱን መስመር ደጋግማ ታነበዋለች፣ ቁጥሩ አይገባትም። የምታውቀው ቃል ይጠፋባታል። እጇ ማውሱ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ግን የምታየው ነገር የለም። «እንቅልፍ አይደለም» ትለኛለች። «ብተኛም አይለቀኝም። ሰውነቴ እምቢ ነው የሚለኝ።» ባልደረቦቿ የሚያስታውሱት የጠዋቷን ሴት ስለሆነ የከሰዓቱን ስንፍና ያደርጉታል። ከሰዓት መባሱ ግን በኤም ኤስ ላይ በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ የሰውነት ሙቀት ቀን ላይ እየጨመረ መሄዱም አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል።

ድካም አይለካም የምትሉ ካላችሁ፣ ይለካል። በፈረንጆች 1989 የወጣ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አለ። ታማሚው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ይመዝናል፤ አማካዩ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድካሙ ትኩረት የሚያሻው ነው ይባላል። የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር በየቀጠሮው የማይሞላበት ምክንያት አይታየኝም።

ሙቀትን ካነሳን አይቀር እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ ያልተወራለት ጉዳይ ነው። ዊልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በፈረንጆች 1890 አንድ ነገር መዘገበ። ኤም ኤስ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሰውነታቸው ሲንቀሳቀስና ሲሞቅ ዓይናቸው ይደበዝዛል፣ ሲያርፉና ሲቀዘቅዙ ይመለስላቸዋል። ዛሬ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማየሊኑ የተጎዳ ነርቭ ትንሽ ሲሞቅ መልእክት ማሳለፍ ያቅተዋል። ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ኤም ኤስን የሚጠረጥሩትን ሰው ሙቅ ውኃ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ ይብስ እንደሆነ ያዩ ነበር።

አሁን ይህን ይዛችሁ ወደ ከተማችን ኑ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው በሰፈሩበት ቦታ ነው፣ በ1879 ዓ.ም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰውነቱ የከበደው፣ እግሩን የሚያመው፣ ወገቡ የያዘው ሁሉ «ፍልውሃ ሄደህ ታጠብ፣ ይለቅህ ነበር» ይባላል። ለብዙ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ኤም ኤስ ላለበት ሰው ግን ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆየት እግሩን ሊያዝለው፣ ዓይኑን ሊያደበዝዘው፣ ከገንዳው መውጣት እስኪያቅተው ሊያደክመው ይችላል። ወሽባም እንደዚያው ነው። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይመለሳል፣ ነርቩም በዚህ ሳቢያ ተጨማሪ ጉዳት አይደርስበትም። አደጋው መውደቁ ነው። ሰው በፍቅር ነው የሚመክረው፣ አውቃለሁ፤ ግን ይህችን ምክር ለኤም ኤስ ታማሚ አትስጡ።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች እዚህ ሙቀት ችግር አይመስለንም። ግን ሙቀት የሚመጣው ከአየሩ ብቻ አይደለም። ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሙሉ ሚኒባስ አስቡ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል። ኤም ኤስ ያለባት አንዷ መስኮቱን ልትከፍት ስትሞክር ከኋላ «እባክሽ ዝጊው፣ ንፋስ ይመታናል» ይባላል። ይሉኝታ ይዟት ትዘጋዋለች። ስትወርድ እግሯ አይሸከማትም። ሌላው ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ፊት ቆሞ ሊጡ እስኪያልቅ መጋገር ለጤነኛም ከባድ ነው፣ ለእሷ ደግሞ የቀኑን ጉልበት ጨርሶ የሚወስድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠዋት በማለዳ መጋገር፣ መስኮት መክፈት፣ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ መቀመጥ፣ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ እንጀራውን መግዛት ወይም ሌላ ሰው መጋገሩ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣትም ይረዳል። ከእንቅስቃሴ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት ወይም ሰውነትን ማቀዝቀዝ ታማሚዎች ሳይደክሙ የሚቆዩበትን ጊዜ እንደሚያረዝም ታይቷል። እናቶቻችን «ብርድ ይመታሻል» ማለታቸው አይቀርም። ቀስ ብሎ ማስረዳት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ድካም በሽታው ካመጣቸው ሌሎች ጣጣዎች፣ ወይም ጭራሽ ከበሽታው ውጭ ከሆኑ ነገሮች የሚመጣው ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ ሌሊቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኤም ኤስ ፊኛን የሚያዝዙ ነርቮችን ሲነካ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሌሊትም ይቀሰቅሳል። አንድ ሰው ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ከተነሳ ጠዋት ደክሞ ቢነሳ ምን ይገርማል? አራት ኪሎና ፒያሳ ዙሪያ በቀሩት የድሮ ግቢዎች ደግሞ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። በጨለማ፣ በብርድ፣ ሚዛኑ በማይታመን እግር ግቢ ማቋረጥ ማለት ነው። ስለዚህ ፖፖ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ነውር መሆን የለበትም። ቀን ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ታማሚዋ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሽንቴ ቢያጣድፈኝስ ብላ ከጠዋት ጀምራ ውኃ አትጠጣም። ውኃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ የወፈረው ሽንት ፊኛን የባሰ ያስቆጣል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል፣ ኢንፌክሽኑ ትኩሳት ያመጣል፣ ትኩሳቱ ደግሞ ያ የኡትሆፍን ነገር ቀስቅሶ ሁሉንም ምልክት በአንድ ጊዜ ያባብሰዋል። ቤተሰብ «በሽታው ተነሳባት» ይላል። በሽታው ላይሆን ይችላል፤ ቀላል የሽንት ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ለዚህ ነው ድንገት የባሰ ድካም ሲመጣ መጀመሪያ ትኩሳትና ሽንት መታየት ያለባቸው። ትኩሳትም ኢንፌክሽንም ሳይኖር አዲስ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ አዲስ የዓይን ችግር ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እንቅልፍን የሚሰርቀው ፊኛ ብቻም አይደለም። የጡንቻ መኮማተር አለ፣ ሕመም አለ፣ እግርን ሌሊት አላስቀምጥ የሚል መቁነጥነጥ አለ። ይህ የመጨረሻው በኤም ኤስ ታማሚዎች ላይ ከሌላው ሰው በበለጠ ይታያል። በሰውነት ውስጥ ያለ የብረት ማነስም ያባብሰዋል። እያንኮራፋ መሃል ላይ ትንፋሹ የሚቆም ሰው ካለም ሳያውቀው ሌሊቱን ሙሉ እየነቃ ነው የሚያድረው። ይህንን የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ባለቤት ወይም እህት አብራ ሐኪም ቤት መግባቷ ጥቅም አለው።

ድብርት። ኤም ኤስ ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ወቅት ላይ ድብርት እንደሚይዛቸው ይገመታል። ከድካም ጋር አብሮ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ ግንኙነቱ ጎልቶ የሚወጣው የድብርት ነው። ግን የቱ የቱን አመጣ? አብዛኞቹ ጥናቶች ሰዎቹን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው የሚያበቁ ስለሆኑ አብረው መኖራቸውን እንጂ ማን እንደቀደመ አይነግሩንም። የደከመው ሰው ከጓደኛ ይርቃል፣ የራቀው ይደበራል፣ የተደበረው እንቅልፍ ያጣል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ድካሙ ይብሳል። በየትም በኩል ገብተው ቢያክሙት ሌላውም ይቀላል። ሁለት ነገር ላይ ግን አጥብቄ እከራከራለሁ። አንደኛ፣ ድብርት የእምነት መጉደል አይደለም፣ የዚህ በሽታ አካል ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ሁለተኛ፣ ድብርት ሳይኖርበት የሚደክም ብዙ ታማሚ ስላለ «አእምሮህ ነው፣ አታስብ» ብሎ መዝጋት ግፍ ነው።

ከዚያ ደሙ ይታይ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መስነፍ፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፤ ሦስቱም ሰውን ያደክማሉ፣ ሦስቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ሦስቱም ይታከማሉ። ኤም ኤስ አለበት ተብሎ የተመዘገበ ሰው ግን ከዚያ በኋላ የሚሰማው ነገር ሁሉ በኤም ኤስ ላይ ይደፈደፋል፣ እነዚህም ይዘነጋሉ። ስለ ቢ12 ለብቻው ላንሳ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፣ ማነሱ ደግሞ ራሱ ነርቭን ይጎዳል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። ሁሉንም አጥብቆ የሚጾም ታማሚ ቢ12ቱን ቢያስለካ፣ ካነሰም በክኒን ወይም በመርፌ ቢተካ ጾሙን መተው ላያስፈልገው ይችላል። ምግብ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ የሚያዝለው ከሆነ ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም። ሌላ ትንሽ ነገር፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሳሉ። ደም ማነስ ያለበት ሰው ቡናውን ሰዓት ያህል ቢያቆየው ይጠቅመዋል።

መድኃኒቶቹም ራሳቸው ሊያደክሙ ይችላሉ። ለጡንቻ መኮማተር የሚሰጠው ባክሎፌን ያደክማል፣ ያፈዛል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊንም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ። ኢንተርፌሮን የሚባለውን የኤም ኤስ መድኃኒት የሚወጋ ሰው በማግስቱ ጉንፋን እንደያዘው ሊውል ይችላል። ብዙ ጊዜ መጠኑን ማስተካከል ወይም ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይበቃል። ይህ ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው እንጂ በራስ አይደለም። በተለይ ባክሎፌንን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ የምለው ለዚህ ነው።

ለድካሙ ራሱ የሚሆን ክኒን የለም ወይ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ላይ ተደውሎ «እንደምንም ብለህ ላክልን» ይባላል። በፈረንጆች 2021 በታዋቂው ላንሴት ኒውሮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለዚህ ድካም በብዛት የሚታዘዙትን ሦስት መድኃኒቶች፣ አማንታዲን፣ ሞዳፊኒል እና ሜቲልፌኒዴት፣ መድኃኒት ከሌለው ክኒን ጋር አወዳድሯል። 141 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሦስቱም ከባዶው ክኒን አልበለጡም፣ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ከእሱ የበለጠ አሳይተዋል። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሞዳፊኒልን በስልክ ከሚሰጥ የባህሪና የአስተሳሰብ ምክር ጋር አወዳደረ። ሁለቱም ለየብቻ፣ አብረው ሲሰጡም፣ ተመሳሳይ መሻሻል አመጡ። ከዚህ እኔ የምወስደው ይህንን ነው፤ ዘመድ አስቸግራችሁ፣ ብዙ ሺህ ብር አውጥታችሁ ክኒን ከማስመጣታችሁ በፊት እንቅልፉ፣ ፊኛው፣ ደሙና ስሜቱ ይታይ። በሽታው እንዳያገረሽ የሚሰጡት መድኃኒቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፣ እነሱ መቋረጥ የለባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ክላድሪቢን፣ ግላቲራመር እና ሪቱክሲማብን ለኤም ኤስ ብሎ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ይህ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ትልቅ ነገር ነው። ድካሙን ግን እነሱም ሁልጊዜ አያነሱትም።

እንቅስቃሴ ላይ ደግሞ ምክሩ ራሱ ተገልብጧል። ድሮ የኤም ኤስ ታማሚ ስፖርት እንዳይሠራ ነበር የሚነገረው፣ ይሞቀዋል፣ ይደክመዋል ተብሎ። በፈረንጆች 1996 ከአሜሪካ ዩታ የወጣ ጥናት ታማሚዎችን ለ15 ሳምንታት ቀለል ያለ የልብና የሳንባ እንቅስቃሴ ካሠራ በኋላ አቅማቸውም ስሜታቸውም መሻሻሉን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙ ጥናቶች ሲደመሩ እንቅስቃሴ ድካምን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ያለ ሥራ የተቀመጠ ጡንቻ ይሰንፋል፣ የሰነፈ ጡንቻ በትንሹ ይደክማል። ይህ ማለት ግን «ተነሺ እንጂ» የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው ማለት አይደለም። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። በትንሹ መጀመር፣ በማለዳ ብርዱ ሳይለቅ መውጣት፣ ሳይደክሙ በፊት ማረፍ ያስፈልጋል። የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለውን የእግረኛ መንገድ አስፍቶታል፣ አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ በየቦታው የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል። ለጤነኛ ሰው ይህ ጌጥ ነው። ፊኛዋን ለማታምን፣ በየመቶው ሜትር መቀመጥ ለሚያስፈልጋት ሴት ግን ከቤት በመውጣትና ባለመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ወንበሮቹ ፀሐይ በማያገኛቸው ጥላ ሥር እንዲሆኑ፣ መጸዳጃዎቹም ተቆልፈው እንዳይውሉ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጉልበትን መመደብም ይለመዳል። ጠዋት ጉልበት ካለ ከባዱ ሥራ ጠዋት ይሠራ። ሽንኩርት ተቀምጦ ይከተፍ። ለቅሶ ቤት ጠዋት ሄዶ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መነሳት ይቻላል፣ የእድርተኛው ሐሜት ግን ያስፈራል። ቡና ሳይጨርሱ መነሳትም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ወይ ጨርሰው የሚቀሩት፣ ወይ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሁለት ቀን አልጋ ላይ የሚከፍሉት። እዚህ ላይ ከታማሚዋ ይልቅ ቤተሰብ ነው መናገር ያለበት። «እሷ ቶሎ ትደክማለች፣ አንዴ አይታችሁ ትሄዳለች» ብሎ ቀድሞ የሚናገር አንድ ወንድም ወይም አክስት ብዙ ነገር ያቀላል።

የሥራው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ይህ ለተሰበረ እግር ጥሩ ነው። ለኤም ኤስ ድካም ግን አይገጥምም። ይህች ሴት ስድስት ወር መተኛት አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት በቀን ውስጥ የሁለት ሰዓት ያህል እረፍት ነው። ብዙ አሠሪና ብዙ ታማሚ የማያውቀው ሌላ ሕግ ግን አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ከማመቻቸቱ ውስጥ ደግሞ የሥራ ሰዓትን ማስተካከል በስም ተጠቅሷል።

ስለዚህ ከሐኪሙ የሚጻፈው ወረቀት «ኤም ኤስ አለባት፣ እረፍት ያስፈልጋታል» ብቻ ብሎ ማለቅ የለበትም። ድካሙ ከሰዓት እንደሚብስ፣ ሙቀት እንደሚያባብሰው፣ ምን ቢደረግላት ሥራዋን መሥራት እንደምትችል በግልጽ ይጻፍ። ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አስጽፋ ለቢሮዋ አስገባች። አሁን ከሌላው ሰው ቀድማ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች፣ የወር መዝጊያ ሒሳቡን ጠዋት ጠዋት ትሠራዋለች፣ ጠረጴዛዋም ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ዞሯል። ደመወዟ አልተነካም፣ ሥራዋም አልቀረም።